የተቆለፈ ባዮስ ባለው ዴል ላይ ኪው6600ን ከ2.4 ወደ 3.0 ጊጋኸርዝ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ማሽኑና ግቡ

ማሽኑ ዴል ኢንስፓይሮን 530 ነው። ቺፕሴቱ (የሰሌዳውን ክፍሎች የሚያገናኙት ቺፖች) ጂ33፣ ራሙ ዲዲአር2-800 ባለ 2 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር 2 ኳድ ኪው6600። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ የወጣ ሲሆን በ65 ናኖሜትር የተሠራ፣ ባለ አራት ኮርና ባለ 8 ሜጋባይት ሁለተኛ ደረጃ ካሽ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ 266 ሜጋኸርዝ ኤፍኤስቢ (ፕሮሰሰሩን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው መስመር ፍጥነት) በማባዣው በ9 ሲባዛ የሚመጣ ቁጥር። ዝርዝር መግለጫው ላይ 1066 ተብሎ የሚጻፈው ያው 266 በአራት ተባዝቶ ነው።

ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የሰሌዳው ሶፍትዌር) ቮልቴጅ አያስነካም፣ የኤፍኤስቢና የራም ሬሾ አያስነካም፣ ኤፍኤስቢውንም ያሳያል እንጂ አያስቀይርም። ማባዣው እስከ 6 ድረስ ይወርዳል፣ ከ9 በላይ ግን አይወጣም። ስለዚህ ከፍ ማድረግ የሚቻለው ኤፍኤስቢው ብቻ ነው፤ እሱም ከባዮሱ ውጭ በሆነ መንገድ።

ግቡ 333 ሲባዛ በ9፣ ማለትም 3.0 ጊጋኸርዝ ነው። 333 የተመረጠው ቁጥሩ ስለሚያምር አይደለም። ጂ33 ከኢንቴል ሲወጣ ጀምሮ 800፣ 1066 እና 1333 ኤፍኤስቢ ይደግፋል። በ1333 ሲሠራ ኖርዝብሪጁ (ፕሮሰሰሩን ከራሙ ጋር የሚያገናኘው የቺፕሴቱ ክፍል) በደረጃው ውስጥ ነው፣ ራሙ በደረጃው ውስጥ ነው፣ የካርዶቹ መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረሱም የዲስኩ መስመር ሳታውም አይነኩም። ከተፈቀደለት በላይ የሚሮጠው ፕሮሰሰሩ ብቻ ይሆናል። ችግር ሲመጣም የሚጠረጠረው አንድ አካል ብቻ መሆኑ ሥራውን በግማሽ ያቀልላል። ኪው965 ቺፕሴት ባላቸው በዕድሜ ቀደም ያሉ ማሽኖች ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ የዚያ ቺፕሴት ጣሪያ 1066 ስለሆነ ኖርዝብሪጁም አብሮ ከደረጃው ይወጣል።

የፕሮሰሰሩ ዝርያ

ኪው6600 በሁለት የምርት እትም ወጥቷል፤ ከምንም በፊት የሚታየው ፕሮሰሰሩ ጂ0 ነው ወይስ ቢ3 የሚለው ነው። ክዳኑ ላይ ኤስኤልኤሲአር የሚል ኮድ ካለ ጂ0 ነው፤ ኤስኤል9ዩኤም ካለ ቢ3 ነው። ሂት ሲንኩን (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ብረት) ሳያነሱ ለማወቅ ሲፒዩ-ዜድ በሚባለው የፕሮሰሰር መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ላይ ሪቪዥን የሚለውን መስመር ማንበብ ይበቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ የቢ3 የሙቀት ኃይል 105 ዋት፣ የክዳኑ የሙቀት ገደብ 62.2 ዲግሪ ነው፤ የጂ0 95 ዋትና 71 ዲግሪ ነው። ቮልቴጅ መጨመር በማይቻልበት ማሽን ላይ በቢ3 3.0 መሞከር አይመከርም። ያኛው ፕሮሰሰር ሲሞቅ የሚቀረው መንቀሳቀሻ በጣም ጠባብ ነው።

እዚህ ያለው ጂ0 ነው። ኮር ቴምፕ የሚባለው የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ያሳየው ቪአይዲ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ለራሱ የሚጠይቀው ቮልቴጅ፣ 1.2750 ነው። ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ላይ በፋብሪካ የተቀረጸ ስለሆነ ሁለት ኪው6600 አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ቪአይዲ ያለውን ይመርጣል፤ ቮልቴጁን እንደፈለጉ በሚጨምሩበት ሰሌዳ ላይ ልክ ናቸው። በተቆለፈ ሰሌዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚሰጠው ቮልቴጅ ያው ቪአይዲ ብቻ ስለሆነ፣ ቪአይዲው መካከለኛ የሆነ ፕሮሰሰር በ3.0 የተሻለ ሊረጋጋ ይችላል፤ ትንሽ ይሞቃል እንጂ።

መነሻ ልኬት

ማሽኑ ሳይነካ በፊት ሁሉም ነገር ተለክቶ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ በኋላ የሚነጻጸርበት ነገር የለም።

ሲፒዩ-ዜድ፦ ባስ ስፒድ 266፣ ማባዣ 9፣ የራም ድግግሞሽ 400፣ የኤፍኤስቢና የራም ሬሾ 2 ለ 3። ሥራ ሲፈታ ማባዣው ወደ 6 ወርዶ 1.6 ጊጋኸርዝ ይላል፤ ይህ ኢአይኤስቲ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ሥርዓት ነው፣ መጥፋት የለበትም።

ቮልቴጅ፦ ፕራይም95 የሚባለው በከባድ ሂሳብ ፕሮሰሰሩን የሚፈትን ፕሮግራም፣ ስሞል ኤፍኤፍቲ በሚለው ፈተናው እየሄደ፣ 1.21 አካባቢ። ቪአይዲው 1.275 ሆኖ ሳለ ወደ 1.21 መውረዱ ብልሽት አይደለም። ጭነት ሲበዛ የኃይል ማስተካከያው ሆን ብሎ ቮልቴጁን ዝቅ ያደርገዋል፤ የኢንቴል መመሪያ ራሱ እንዲህ ይላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር መጻፍ አለበት፤ ፕሮሰሰሩ 3.0 ላይ ይረጋጋል ወይስ ይወድቃል የሚለው የሚወሰነው በጭነት ላይ በሚታየው በዚህ ቁጥር ነው።

ሙቀት፦ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኮሩ ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው ሙቀቱን ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሚያቀዘቅዝበት ገደብ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ሶፍትዌሩ ያንን ርቀት ከገመተው ከፍተኛ ሙቀት ቀንሶ ዲግሪ ያሳያል። ግምቱ በሶፍትዌሮች መካከል ስለሚለያይ አንዱ 60 ሲል ሌላው 70 ሊል ይችላል። ስለዚህ ኮር ቴምፕ ላይ ርቀቱን የሚያሳየውን አማራጭ አብርቶ እሱን መጻፍ ይሻላል። በዚህ ማሽን ከፋብሪካው ሂት ሲንክ ጋር፣ በ2.4 ሙሉ ጭነት ላይ፣ ወደ ገደቡ የቀረው ርቀት 34 ዲግሪ ነበር። ለ3.0 ይህ አይበቃም።

የሚያስፈልገውን ኃይል በግርድፉ ማስላት ይቻላል። ቮልቴጁ ካልተለወጠ የኃይል ፍጆታው ከክሎኩ ጋር እኩል ይጨምራል። 95 ዋት በ1.25 ሲባዛ 119 ዋት ገደማ ነው። የቮልቴጅ ማስተካከያው 80 በመቶ ቅልጥፍና አለው ብንል ከ12 ቮልቱ መስመር የሚሳበው 150 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከ12 አምፒር ትንሽ ይበልጣል። የፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ያለው ሰንጠረዥ ለፕሮሰሰሩ ባለ አራት ፒን ገመድ የሚሰጠው 12 ቮልት ይህን መሸከሙን ማየት ያስፈልጋል። ግራፊክስ ካርዱ ከተመሳሳይ መስመር የሚስብ ከሆነ ተደምሮ ይታሰብ።

በሶፍትዌር ወይስ በቴፕ

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሴትኤፍኤስቢ በሚባለው ፕሮግራም ክሎክ የሚያመነጨውን ቺፕ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ማዘዝ ነው። ቺፑን ለማግኘት ሰሌዳው ላይ 14.318 የሚል የተጻፈበትን ትንሽ የብረት ክሪስታል ፈልጎ አጠገቡ ያለውን ቺፕ ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ ያ ስም ፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ነገሩ አበቃ። ጥሩ ጎኑ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ወደነበረበት መመለሱ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ራሙ ነው። ማሽኑ በ266 ስለተነሳ ሬሾው 2 ለ 3 ሆኖ ይቀራል፤ ኤፍኤስቢው ወደ 300 ሲወጣ ራሙ 450 ይሆናል፣ ማለትም ዲዲአር2-900። ፕሮሰሰሩ ገና 2.7 ላይ ሳይደክም ራሙ ቀድሞ ይወድቃል፣ ሰውም ፕሮሰሰሩ አልቻለም ብሎ ይደመድማል። አንዳንድ የክሎክ ቺፕ ደግሞ የፒሲአይ ኤክስፕረሱን 100 ሜጋኸርዝ አብሮ ይገፋል፤ ይህ ሲሆን የዲስክ መረጃ ይበላሻል።

ሁለተኛው የቢሴል መንገድ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ኤፍኤስቢ እንደሚፈልግ ለሰሌዳው የሚናገረው ቢሴል 0፣ 1 እና 2 በሚባሉ ሦስት መገናኛዎች ነው። የሦስቱም ቮልቴጅ ዝቅ ካለ 266 ማለት ነው። ቢሴል 2 ብቻ ከፍ ሲል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ዝቅ እንዳሉ፣ 333 ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ እነዚህ መገናኛዎች ወደ መሬት የታሰሩ ናቸው፤ ሰሌዳው በበኩሉ ወደላይ የሚስብ ሬዚስተር አለው። ስለዚህ የቢሴል 2ን መገናኛ ኤሌክትሪክ በሚከላከል ነገር፣ ማለትም በቴፕ ቁራጭ፣ ከሸፈኑት ሰሌዳው ከፍ ብሎ ያነበዋል፣ ፕሮሰሰሩም ከመጀመሪያው 1333 የነበረ ይመስለዋል። ባዮሱ ራሙን 5 ለ 6 በሆነ ሬሾ ያዘጋጀዋል፤ 333 ላይ ያ በትክክል 400፣ ዲዲአር2-800 ነው። ዲዲአር2-667 ራም ቢሆን ደግሞ 1 ለ 1 ይሆናል።

ለዚህ ማሽን ሁለተኛው ተመረጠ። ሴትኤፍኤስቢ ከዚያ በኋላ ለጥቃቅን ማስተካከያ ይጠቅማል።

ቅዝቀዛው መጀመሪያ

ቴፑን ለጥፎ ከዚያ ስለ ሙቀት ማሰብ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ሂት ሲንክ በ2.4 ላይ ተገጥሞ መሥራቱ ይረጋገጣል።

የሂት ሲንኩ ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል በየጎኑ 72 ሚሊሜትር ከሆኑ የተለመደው የኤልጂኤ775፣ ማለትም የዚህ ፕሮሰሰር ሶኬት፣ አገጣጠም ነው። ብራንድ ማሽኖች ግን ብሎኖቹን ከሰሌዳው ጀርባ ባለ የራሳቸው ብረት ላይ ሊያስሩ ስለሚችሉ ከመግዛት በፊት ሰሌዳውን ገልብጦ ማየት ይበጃል። ከሰሌዳው እስከ ጎን ክዳኑ ያለው ቁመትም ይለካል። የፋኑ ሶኬት ባለ አራት ፒን መደበኛው መሆኑ ይታያል፤ በአንዳንድ የቆዩ ብራንድ ማሽኖች ባለ አምስት ፒንና የራሱ አቀማመጥ ያለው ስለሚያጋጥም ያለ ማገናኛ መሰካት ፋኑን ወይም ሰሌዳውን ያቃጥላል።

እዚህ የገባው ባለ ሦስት ሂት ፓይፕ (ሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦ) ታወር፣ ማለትም ወደ ላይ የቆመ ሂት ሲንክ፣ ነው፣ 92 ሚሊሜትር ፋን ያለው፣ ነፋሱ ወደ ኋላው ፋን የሚያይ። ታወር ሲገባ የሚረሳ ነገር አለ፦ የፋብሪካው ሂት ሲንክ ነፋሱን ወደታች ስለሚነፋ በዙሪያው ያሉትን የኃይል ትራንዚስተሮችም ያቀዘቅዝ ነበር። ታወሩ ይህን ይወስድባቸዋል። በዚህ ሰሌዳ ላይ ትራንዚስተሮቹ ራቁታቸውን ስለሆኑ 80 ሚሊሜትር ፋን በእነሱ አቅጣጫ ተጨምሯል፤ ከኬዙ ብረት ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ።

በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው አሮጌ ፔስት በ90 በመቶና ከዚያ በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠረገ። አዲሱ ሲቀባ የኪው6600ን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል፦ ክዳኑ ስር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሲሊከን ቁራጮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ኮር የያዙ። መሃል ላይ አንድ ጠብታ ከማድረግ ይልቅ ሁለቱን የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ይሻላል። ከዚያ ሂት ሲንኩ ራሱ ይጨፍልቀው፤ በጣት ወይም በካርድ ማሰራጨት አየር ያስገባል።

ቴፑ

ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ሲወጣ የሶኬቱ ፒኖች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ፕላስቲክ ክዳን ከተገኘ ወዲያው ይሸፈን፣ ካልተገኘ ንጹሕ ወረቀት ሳይነካቸው ከላይ ይደረግ። የታጠፈ አንድ ፒን ሙሉ ሰሌዳ ያሳጣል።

ቢሴል 2 በኢንቴል የመገናኛ ካርታ ላይ ጂ30 ላይ ነው። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ጂ29፣ እሱም ቢሴል 0 የሆነው፣ እና ኤች30፣ ቢሴል 1 ናቸው። ጂ30 በዓምድ 30 ላይ፣ በጠርዙ ነው። በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ካርታው የተሳለው ከላይ ሲታይ መሆኑ ነው። ፕሮሰሰሩ ተገልብጦ ሆዱ ሲታይ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። የተሻለው መንገድ ካርታውን አትሞ በመስታወት እንደሚታየው አዙሮ፣ ሁለቱን የጎን ስንጥቆች ከካርታው ጋር አስተካክሎ፣ ከዚያ ብቻ ማመልከት ነው። በጣት መቁጠር አይመከርም፤ ረድፎቹ በየቦታው ክፍተት አላቸው።

መገናኛዎቹ በ1.1 ሚሊሜትር ገደማ ተራርቀው ስለተቀመጡ የቴፑ ስፋት ከ1 ሚሊሜትር በታች መሆን አለበት። ካፕተን ቴፕ ጥሩ ነው፦ ቀጭን ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ሙጫው አይፈስም። የኤሌክትሪክ ናስትሮ ወፍራም ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ሙጫው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከሳምንታት በኋላም የአጎራባቹን ፒን ያጣብቃል። የጥፍር ቀለም የሚቀቡ አሉ፤ ፒኑ ሲጫን ስለሚፍቀው ማሽኑ አንድ ቀን በ2.4 ሌላ ቀን በ3.0 ይነሳል። አይበጅም።

አሠራሩ፦ ቴፑ መስታወት ላይ ተለጥፎ በአዲስ ምላጭና በብረት ማስመሪያ ይቆረጣል፣ 0.8 ሚሊሜትር በ2.5። በወረንጦ ተይዞ ርዝመቱ ከጂ30 ወደ ፕሮሰሰሩ ጠርዝ እንዲሄድ ይቀመጣል፤ ትርፉ መገናኛ በሌለበት ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፣ መያዣ የሚሆነውም እሱ ነው። ወደ ውስጥ ጂ29ን አይነካም። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ሙሉ በሙሉ እስኪጣበቅ ይጫናል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ጂ30 ጨርሶ መሸፈን አለበት፤ የወርቁ ቀለም ከአንድ ወገን እንኳ ብልጭ ካለ ፒኑ እዚያ ይገባል። የሶኬቱ ፒን ማንሻው ሲዘጋ በመገናኛው ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ቴፑ ጫፉ ላላ ካለ ይገፋዋል። ፕሮሰሰሩ ሲገባ ቀጥ ብሎ ከላይ ይውረድ፤ ሶኬቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አይባል።

የመጀመሪያው ማብራት

ሃርድ ዲስኩ ተነቅሏል። የመጀመሪያው ማስነሻ ሜምቴስት86+ የሚባለው ራም የሚፈትን ፕሮግራም ያለበት ፍላሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያልተረጋጋ ማሽን በዊንዶውስ ሲነሳ የተበላሸ መረጃ ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ ጉዳቱም ፍጥነቱ ተመልሶ ከወረደ በኋላ ይቀራል።

ባዮሱ 3.0 ጊጋኸርዝና 1333 አሳይቷል። ሜምቴስት ላይ ራሙ 400 ላይ፣ ያለ ስህተት። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ የሲስተም መስኮቱ ኪው6600 2.40 ብሎ ከጎኑ 3.00 ይጽፋል፤ የፊተኛው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀረጸ ስም ስለሆነ አይለወጥም፣ ትክክለኛው የኋለኛው ነው። ሲፒዩ-ዜድ ላይ ባስ ስፒድ 333፣ ሬሾ 5 ለ 6፣ ሥራ ሲፈታ 6 ሲባዛ በ333፣ ማለትም 2.0 ጊጋኸርዝ።

ባይነሳስ? ማሽኑ በ2.4 ከተነሳ ቴፑ ተንሸራቷል ወይም ፒኑ በስቶታል። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ግን ቴፑ ሰፍቶ ጎረቤቱን ሸፍኗል ማለት ነው። ኤች30 አብሮ ከተሸፈነ ሰሌዳው 400 የተጠየቀ ይመስለዋል፣ ማለትም 3.6 ጊጋኸርዝ። ጂ29 አብሮ ከተሸፈነ ደግሞ 100 ሜጋኸርዝ ይጠይቃል፣ ጂ33 ይህን አያውቀውም። ሁለቱም ውጤታቸው አንድ ነው። ሲሞስ ባትሪውን አውጥቶ የባዮሱን ቅንብር ማጽዳት እዚህ ምንም አያድንም፤ ትእዛዙ የተጻፈው ባዮስ ውስጥ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። መፍትሔው ቴፑን ማንሳት ብቻ ነው።

ሙከራውና የወደቀው ኮር

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ፕራይም95 ስሞል ኤፍኤፍቲ፣ ሙቀት የሚያወጣው ይህ ስለሆነ። ከዚያ ብሌንድ፣ ራሙንና ኖርዝብሪጁን የሚፈትነው ይህ ስለሆነ። የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛው ላይ የሚወድቅ ማሽን የራም ወይም የኤፍኤስቢ ችግር አለበት፤ የተገላቢጦሹ የኮር ቮልቴጅ ወይም የሙቀት ነው።

ስሞል ኤፍኤፍቲ እንደጀመረ ብዙም ሳይቆይ አራተኛው ሠራተኛ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለአራተኛው ኮር የመደበው ሥራ፣ ቆመ። መልእክቱ የታወቀው ነው፦ የማጠጋጋት ስህተት 0.5፣ ከ0.4 በታች መሆን ሲገባው። ሌሎቹ ሦስቱ ቀጥለዋል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ማሽኑም አልተንጠለጠለም። ፕራይም95 ባይኖር ይህ ስህተት ለወራት ሳይታወቅ ፋይል ሲያበላሽ ይኖር ነበር፤ "ጌም እየተጫወትኩበት ችግር የለውም" የሚለው ማረጋገጫ ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የታየው የኮሮቹ ርቀት ነው። ኮር 0ና 1 ወደ ገደቡ 30 እና 31 ሲቀራቸው ኮር 2ና 3 20 እና 19 ነበሩ። እዚህ ላይ ያ የሁለት ሲሊከን ነገር ይጠቅማል። በአንድ ቁራጭ ላይ ያሉ ሁለት ኮሮች በአንድ ላይ ሞቀው ሌሎቹ ሁለቱ ከቀዘቀዙ ሴንሰር አይደለም፣ ሂት ሲንኩ በአንድ በኩል አልተቀመጠም ማለት ነው። አንድ ኮር ብቻውን ቢለይ ሴንሰሩ ይጠረጠራል፤ የእነዚህ ፕሮሰሰሮች ሴንሰር በተለይ ሥራ ፈት ላይ በጥቂት ዲግሪ መዛባቱ የታወቀ ነው። ጥንድ ሆኖ ሲለይ ግን ሌላ ነው።

ሰሌዳው ሲገለበጥ ከአራቱ የሂት ሲንክ ጥፍሮች የአንዱ ጥቁር መሃል ፒን ነጩን እስከ መጨረሻው አልሰነጠቀውም። ከላይ ሲታይ የገባ ይመስላል፤ ይህ ዓይነት ጥፍር ሁልጊዜ ከጀርባ ነው የሚረጋገጠው። ሲገጠም በሰያፍ፣ አንዱን ከጫኑ ተቃራኒውን፣ እያንዳንዱም ቀጭ እስኪል ድረስ። ፔስቱ ከተነሳ በኋላ እንደገና መጠቀም ስለማይቻል ተጠርጎ ሌላ ተቀባ።

ከዚያ በኋላ አራቱም ከ29 እስከ 32 ባለው ውስጥ ገቡ። በጭነት ላይ ያለው ቮልቴጅም ከ1.19 ወደ 1.20 ከፍ አለ። ይህ የሚያስገርም አይደለም፦ ሲሊከን ሲቀዘቅዝ የሚያንጠባጥበው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፣ የሚሳበው አምፒር ይወርዳል፣ ቮልቴጁም ያን ያህል አይሰምጥም። ቮልቴጅ በማይጨመርበት ማሽን ላይ ቅዝቀዛ ራሱ የቮልቴጅ ምንጭ ነው። ስሞል ኤፍኤፍቲ ሌሊቱን ሙሉ ሄዷል፣ ብሌንድም ተከትሎ፣ ሁሉም ያለ ስህተት።

በሙከራው ጊዜ ማባዣውን መከታተል አይረሳ። ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ከ9 ወደ 6 ብልጭ ካለ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ራሱን እየቆጠበ ነው። ስህተት አያወጣም፣ ፈተናውን ያለፈ ይመስላል፣ ግን 3.0 ላይ አልነበረም።

ከ3.0 በላይ

በሴትኤፍኤስቢ ከ333 ወደ 340 ተገፋ፤ 3.06 ጊጋኸርዝ፣ ራሙ 408። ሁለት ኮር ወዲያው ስህተት ሰጡ። ራሙ እንዳይጠረጠር ብሌንድ ሳይሆን ስሞል ኤፍኤፍቲ ነው የተጠቀምነው። በ1.20 ቮልት የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ እዚህ ነው። የቪአይዲ መገናኛዎችን በብር ቀለም በማገናኘት ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርጉ አሉ፤ ራቁታቸውን ባሉ ትራንዚስተሮችና በመጠነኛ ፓወር ሰፕላይ ላይ ለ2 በመቶ ፍጥነት የሚደረግ ነገር አይደለም። ብር ቀለሙ ከፈሰሰ ደግሞ የሚነካው የ12 ቮልቱን ማስተካከያ የሚያዝዝ መስመር ነው።

ሴትኤፍኤስቢ የበለጠ የሚጠቅመው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። 3.0 ላይ ለጥቂት የማይረጋጋ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ወደ 325 ቢያወርደው 2.925 ጊጋኸርዝ ያገኛል፣ ከፋብሪካው አሁንም ከ20 በመቶ በላይ ነው። ግን ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ስለሚሠራ፣ እስከዚያ ያለው ጊዜ በ3.0 ነው፤ መነሳት እንኳ ለሚያቅተው ፕሮሰሰር አይሆንም።

የተገኘውና ያልተገኘው

በሂሳብ 100 ሰከንድ የሚፈጅ ሙሉ በሙሉ የፕሮሰሰር ሥራ 80 ሰከንድ መሆን አለበት። ቪዲዮ መቀየርና በሰቨንዚፕ መጭመቅ ለዚህ ቅርብ ይመጣሉ። አንድ ብዙ የማይነገር ጥቅም ደግሞ የኤፍኤስቢው ራሱ ነው። በ266 የሚያሳልፈው በሰከንድ 8.5 ጊጋባይት ነው፣ በ333 ግን 10.7። ሁለት ፍሬ ዲዲአር2-800 ጎን ለጎን 12.8 መስጠት እየቻሉ በሩ ጠቧቸው ነበር የሚሠሩት። ሁለቱ ሲሊከኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩትም በዚሁ በር ስለሆነ አራቱም ኮር አንድ ላይ ሲሠሩ ልዩነቱ ይታያል። ማባዣውን ብቻ ከፍ ማድረግ ቢቻል ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር።

ፕሮግራም ለመክፈትና ማሽኑን ለማስነሳት ግን ለውጡ እምብዛም ነው፤ እዚያ ኤስኤስዲ መግባቱ ከማንኛውም ክሎክ ይበልጣል። ክሎክ የማይሰጠው ሌላም ነገር አለ። ይህ ፕሮሰሰር ኤስኤስኢ4.1ም ሆነ ኤስኤስኢ4.2 የሚባሉት የፕሮሰሰር ትእዛዞች የሉትም፣ ስለዚህ እነዚህን የሚጠይቅ ሶፍትዌር በ3.0ም አይነሳም። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 እትሙ ጀምሮ ከእነዚህ አንዱ ነው። ኤስኤስኢ4.1 የሚያስፈልገው ሰው ከቴፑ ይልቅ ኤልጂኤ771 ለሚባለው ሌላ ሶኬት የተሠራውን ዚዮን ኢ5450 ፕሮሰሰር ቢያስብ ይሻላል፦ ከተፈቀደለት በላይ ሳይሮጥ 3.0 ጊጋኸርዝ፣ 1333፣ 12 ሜጋባይት ካሽና 80 ዋት ብቻ። ነገር ግን ሁለት መገናኛ የሚያቀያይር ስቲከር፣ የሶኬቱን ጥርሶች መቁረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 45 ናኖሜትር ፕሮሰሰር የሚያውቅ ባዮስ ይጠይቃል፤ ብራንድ ማሽን ላይ የሚያስቸግረው ይህ የመጨረሻው ነው።

አሁን ያለበት

333 ሲባዛ በ9፣ ራም 400፣ ኢአይኤስቲ በርቷል። የኬዙ አቧራ ማጣሪያ የሌለው ስለሆነ ሂት ሲንኩ በየሦስት ወሩ ይነፋል። ክረምት ላይ የተለካ ርቀት በበጋ ስለማይያዝ ክፍሉ ሲሞቅ ስሞል ኤፍኤፍቲ ለግማሽ ሰዓት ተደግሞ ርቀቱ ከ20 በታች መውረድ አለመውረዱ ይታያል። ከወረደ ፔስቱና የትራንዚስተሮቹ ፋን ይታያሉ፤ 80 ሚሊሜትሩ ቢቆም የሚያስጠነቅቅ ነገር ስለሌለ ገመዱ ፍጥነት ማንበቢያ ባለው የኬዝ ፋን ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ማሽኑ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ቴፑ ተነስቶ፣ የሙጫው ቅሪት በአልኮል ተጠርጎ በ2.4 ይሰጣል። ካልሆነ ደግሞ ከኬዙ ውስጠኛ ክዳን ላይ "ጂ30 ተሸፍኗል" ተብሎ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ ፕሮሰሰሩን አውጥቶ ቴፑን ቆሻሻ መስሎት ሊፍቀው ይችላልና።